ላይሰንስ አለኝ፣ ወንዙ ግን ዝግ ነው ተባልኩ

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። የምኖረው ሊድስ ነው። እንግሊዝ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ አልነበረም፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስጠፋ የምገኘው ሐይቁ ዳር ነበር። አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ ጫፉ ላይ ትል፣ በቃ። ቆሮሶ ከተያዘ ተያዘ። አምባዛ ከመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

እዚህ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ጠዋት ስወጣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የማይጠቀምበትን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነመጠቅለያው ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ዕለቱኑ የዓመት ላይሰንስ በስልኬ ገዛሁ። ቁጥሩ በኢሜይል መጣልኝ። እኔ እንግዲህ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ኤር ወንዝ ወረድኩ። ማርች 22 መሆኑ ነው። ዘንጉን ገና ሳልዘረጋ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌ ቆሙና «ወንዙ ዝግ ነው» አሉኝ። ወንዝ እንዴት ይዘጋል? ውሃው ይፈሳል! ላይሰንሴን ከስልኬ አሳየኋቸው። ሳቁብኝ። «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብለው ውሻቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ስንመለስ በቦዩ በኩል አለፍን። ከወንዙ ብዙም አይርቅም። እዚያ ሁለት ሰዎች ወንበር ዘርግተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ዘና ብለው ያጠምዳሉ። ማንም ምንም አላላቸውም።

ማታ ግላስጎው ላለው ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩ። እሱ ደግሞ ጭራሽ «ላይሰንስ ምናምን ማን ነገረህ? ስድስት ዓመት ሳጠምድ አንድ ቀን ገዝቼ አላውቅም፣ ገንዘብህን ተበላህ» አለኝ።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ሽማግሌው ናቸው ልክ፣ አማቼ ነው፣ ወይስ እነዚያ ቦዩ ዳር የነበሩት? ልጄ ሜይ ላይ 13 ዓመት ይሞላዋል፤ ዘንግ እንዳስይዘው ቃል ገብቼለታለሁ። ቃሌን የምጠብቀው የት ሄጄ ነው?

ቴምዝ ዳር፦

ወንድሜ፣ እኚያን ሽማግሌ ስታገኛቸው ቡና ጋብዛቸው። እኔን ያገኘኝ ሽማግሌ አልነበረም፣ ቤይሊፍ ነበር፣ አጥማጆችን የሚቆጣጠረው ሹም።

ነገሩ አሥር ዓመት አልፎታል። ለንደን ነው የምኖረው፣ ያኔ ሾፌር ነበርኩ። ኤፕሪል ላይ አንድ የቴምዝ ገባር ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ መዳፍ የማትሞላ ፐርች ይዣለሁ። አንድ ጨዋ ሰውዬ መጣና ሰላም አለኝ። መታወቂያውን አሳየኝና ላይሰንስ ጠየቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አወጣሁ። አየው አየውና «ጥሩ ነው። ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለኝ። ቀኑን ነገርኩት። «እንግዲያው የምንነጋገረው ስለ ላይሰንስ አይደለም» አለ። ስሜንና አድራሻዬን ጻፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ የፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከነወጪው ከ300 ፓውንድ በላይ ከፈልኩ። ያቺ ፐርች በሕይወቴ ካገኘኋቸው ዓሦች ሁሉ ውዷ ናት። ለዚያውም መልሼ ለቅቄያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘንግ ሳነሳ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ላይሰንስ አለኝ ወይ? ውሃው ዛሬ ክፍት ነው ወይ? የማን ነው? አንተ የመጀመሪያውን መልሰህ ነው የወጣኸው። ሁለቱ ቀርተውብሃል።

ዝግ የሚባለው ጊዜ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ነው፣ ሁለቱም ቀናት ተቆጥረው። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8። ጁን 16 ማለት ሰኔ 9 ወንዙ ይከፈታል። እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ወንዙ ሦስት ቀን ሆኖታል። እንግሊዞቹ ያቺን ቀን እንደ በዓል ነው የሚጠብቋት። እኩለ ሌሊት ላይ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ሰዓት የሚቆጥሩ አሉ። አንድ ዓመት እኔም ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ጉንፋን ይዞኝ ተመለስኩ።

ሕጉ አሮጌ ነው፣ በፈረንጅ ከ1878 ጀምሮ ያለ። ሐሳቡ ደግሞ ቀላል ነው፤ ዓሦቹ በጸደይ እንቁላል ይጥላሉ፣ ተዋቸው ነው። የሚመለከተውም ሮች፣ ቸብ፣ ባርበል፣ ፐርች፣ ፓይክ፣ ብሪም የመሳሰሉትን ነው። በጥቅሉ «ኮርስ ፊሽ» ይሏቸዋል። ከሳልመንና ከትራውት ወገን ያልሆኑት ማለት ነው። ግሬይሊንግ የምትባለዋ ዓሣ የሳልመን ዘመድ ሆና ሳለ በዚህ ጉዳይ ከኮርስ ፊሾቹ ጋር ትቆጠራለች። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ቦዩ ሰዎች። እነሱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ እገዳው ኩሬውንም ቦዩንም ይይዝ ነበር። በ1995 ለአብዛኞቹ ኩሬዎችና ሐይቆች ተነሣ። በ2000 ደግሞ ለአብዛኞቹ ቦዮች። ወንዝ፣ ጅረትና የእርሻ ማፋሰሻ ቦይ እንደታገዱ ቀሩ። በምሥራቅ በኩል ያሉት የኖርፎክና የሰፎክ ብሮድስ የሚባሉት ውሃዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ አንዱ ዝግ፣ አንዱ ክፍት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ዓሣው ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ነው። ቦዩ ውስጥ ያለችው ሮች ወንዙ ውስጥ ካለችው ጋር አንድ ናት።

«አብዛኞቹ» ያልኩትን ልብ በል። ለተፈጥሮ ጥበቃ የተከለሉ፣ ኤስ ኤስ ኤስ አይ የሚሏቸው ቦታዎች አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ኩሬም ሆኑ ቦይ በዚያ ጊዜ ዝግ ናቸው። አንድ ረጅም ቦይ በአንድ በኩል ክፍት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል ዝግ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ስሙ ቦይ ይመስልና ግማሹ ወንዝ የሆነ ውሃ አለ፣ ጀልባ እንዲያልፍበት ብለው ያስተካከሉት። ይሄኛው ስንቱን ሰው አሳስቷል መሰለህ። ከመቀመጥህ በፊት ዳር ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብ፣ ውሃውን የያዘውን የአጥማጆች ክለብ ጠይቅ።

ሦስተኛው፣ ውሃው የማን ነው የሚለው። ላይሰንስ ማለት መንግሥት «ማጥመድ ትችላለህ» አለህ ማለት ነው። «እዚህ ተቀመጥ» አላለህም። እዚህ አገር የወንዙ ዳር ባለቤት አለው፤ ገበሬ፣ ክለብ ወይም ማዘጋጃ ቤት። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማጥመድ በ1968ቱ የስርቆት ሕግ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ጥፋት ነው። ብዙ ክለቦች የቀን ቲኬት ይሸጣሉ። አንዳንድ ቦታ ነፃ ነው፣ ግን ነፃ መሆኑን አረጋግጥ።

ላይሰንስ ሳይዝ የተገኘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብህን አልተበላህም። አማችህን ግን ሌላ ሰው ይዳኘው፣ ስኮትላንድን እኔ አላውቃትም።

የግላስጎው ጭጋግ፦

ጋሽ ቴምዝ ለኔ ያስቀሩልኝን ላንሳው። አማችህ ለራሱ አገር ልክ ነው፣ ላንተ ግን መርዝ ነው ያቀበለህ።

ስኮትላንድ ውስጥ የዘንግ ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም። ድንበሩ ላይ ኤስክ በሚባለው ወንዝ አካባቢ ብቻ የእንግሊዙ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ሌላው ቦታ የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል። «ይበቃል» ስል ግን ያለ እሱ አይሆንም ማለቴ ነው። አማችህ ስድስት ዓመት ሲያጠምድ ቲኬትም ካልገዛ፣ ወይ ነፃ ቦታ አግኝቷል ወይ ዕድለኛ ነው።

ለፓይክና ለፐርች እንደ እናንተ በሕግ የተዘጋ ወቅት እኛ ጋ የለም። ቡናማው ትራውት ግን አለው። ከኦክቶበር 7 እስከ ማርች 14 ዝግ ነው። ልብ በሉ፣ እናንተ ወንዛችሁን በምትዘጉበት በማርች 15 እኛ ትራውት እንከፍታለን።

ሳልመን ደግሞ እሑድ አይጠመድም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሕግ ነው። ስመጣ የነገረኝ ጎረቤቴ ነበር፣ አላመንኩትም። እዚህ አገር ሰንበትን አጥብቆ የሚያከብር ያገኘሁት ሳልመኑን ብቻ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ጋሽ ቴምዝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። አሥር ዓመት ካለፈው ታሪክዎ ዕድሜዎን ገመትኩና ወደ አንቱታ ገባሁ፣ ይቅርታ። ጭጋግ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። አማቼን ያልከውን አንብቤለት ስልኩን ዘጋብኝ።

ሁለት ሦስት ነገር ግን ቀርቶኛል። እኔ የምፈልገው ዓሣውን ይዤ ቤት መግባት ነው። ለቅቄ ልመለስ ከሆነ ለምን ሄድኩ? ባለቤቴ ዓሣ ጉላሽ ስትሠራ እጅ ያስቆረጥማል። አዋዜው ተዘጋጅቷል፣ ዓሣው ነው የቀረው።

ደግሞ ከሐዋሳ ስመጣ ለትዝታ ብዬ የያዝኳቸው ማስመጫ እርሳሶች አሉ፣ ጥርሴ የሚያህሉ። አጎቴ ነው ያቀለጣቸው። እነሱን ክሩ ላይ ባስር ችግር አለው? ልጁስ? 12 ዓመቱ ነው፣ እሱም ላይሰንስ ያስፈልገዋል?

ትራውት በወንዝ ይቻላል ወይ? ጭጋግ ሲያወራ ምራቄን ዋጥኩ።

ቴምዝ ዳር፦

አንቱታውን ተቀብያለሁ፣ 58 ዓመቴ ነው።

ከልጁ ልጀምር። ከ13 በታች ላይሰንስ አያስፈልግም። ከ13 እስከ 16 ያለው ያስፈልገዋል፣ ግን ነፃ ነው። ነፃ ነው ማለት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የልደቱ ቀን ጠዋት አብራችሁ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በሉና አውጡለት። እኔ ለታላቁ ልጄ እንደዚያ አድርጌ፣ ወረቀቱን አትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ያንተ የትራውትና የኮርስ ላይሰንስ ሁለት ዘንግ ይፈቅዳል። ሳልመን ከሆነ ሌላ ላይሰንስ ነው፣ ዋጋውም ሌላ።

የአጎትህን እርሳስ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። ከ0.06 ግራም የሚበልጥና እስከ 28.35 ግራም የሚደርስ እርሳስ ክር ላይ ማሰር ክልክል ነው። የጥርስ ያህል ያልከው መሀል ላይ ይወድቃል። ዝይ መሳዮቹ ስዋኖች ከጠጠር ጋር እየዋጡት በመርዙ ያልቁ ነበር። በ1987 ሽያጩ ታገደ። አሁን ከሌላ ብረት የተሠራ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው።

ወደ ጉላሹ። እዚህ ላይ ትናደዳለህ፣ እኔም ተናድጄ ነበር። በእንግሊዝ ወንዝ ወቅቱ ሲከፈት፣ ባለቤቱም ከፈቀደ፣ በቀን 15 ትናንሽ ዓሦች መውሰድ ትችላለህ፤ ሮች፣ ፐርች፣ ቸብ፣ ብሪም የመሳሰሉትን። ግን እያንዳንዱ ከ20 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ፓይክ በቀን አንድ፣ እስከ 65 ሳንቲ ሜትር። ግሬይሊንግ ሁለት፣ ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ያሉ። ልኬቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ ነው። ኢል የሚባለው እባብ መሳዩ ምንም ቢሆን ይለቀቃል።

እኛ አገር ትልቁ ተይዞ ትንሹ «እደግ» ተብሎ ይለቀቃል። እዚህ ትልቁ ይለቀቅና ትንሹን ውሰድ ይሉሃል። መጀመሪያ ያበዱ መስሎኝ ነበር። ኋላ አንድ የክለባችን ሽማግሌ አስረዳኝ፤ ትልቋ እናት ናት፣ እንቁላሉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ትናንሾቹ እንደሁ ብዙዎቹ በወፍም በትልልቅ ዓሦችም መበላታቸው አይቀርም። ገባኝ። ሆዴ ግን እስካሁን አልገባውም።

ኩሬ ላይ ደግሞ ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ አንድም አይወሰድም። ብዙ ክለቦች በወንዝም በቦይም ጭራሽ ክልክል ብለዋል። እንዲያውም ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘህ ከውሃ ዳር ስትነሣ ካዩህ፣ ሕጉ ቢፈቅድልህም ፊታቸው ይጠቁራል። ለነሱ ጨዋታ ነው፣ እንደ ኳስ። ኳሱን ቆርጠህ የበላህ ያህል ነው የሚያዩህ።

ለጉላሽ የምመክርህ ቀስተ ደመና ትራውት የሚያረቡበትን ኩሬ ነው። ሬይንቦው ትራውት ይሉታል። ከፍለህ ትገባለህ፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ይዘህ ትወጣለህ። ላይሰንስህ ይሸፍንልሃል። አብዛኞቹ በሰው ሠራሽ ዝንብ ብቻ ነው የሚያስጠምዱት። ዘንጉም ሌላ ዓይነት ነው፣ አወራወሩ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ቀን መንጠቆው የገዛ ጆሮዬን ነው የያዘው።

የወንዙን ቡናማ ትራውት በተመለከተ ክልል ይለያል። እናንተ ዮርክሻየር ከማርች 25 እስከ ሴፕቴምበር 30 ክፍት ነው። መስቀል ካለፈ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይዘጋል ብለህ ያዘው። እኛ ቴምዝ በኩል የሚከፈተው ኤፕሪል 1 ነው። በማርች 28 አንተ ትራውት ብትይዝ ሕጋዊ ነህ፣ እኔ በዚያው ቀን እዚህ ብይዝ ወንጀለኛ ነኝ። አንድ አገር፣ አንድ ላይሰንስ።

ግን ተጠንቀቅ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ከማርች 25 በኋላ «ትራውት ነው የማጠምደው» ብለህ ያንኑ ትል መንጠቆ ላይ አድርገህ፣ ያንኑ ቸብ የሚበዛበት ቦታ ብትቀመጥ ቤይሊፉ ሞኝ አይደለም። በዝግ ወቅት መንጠቆው ላይ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድ በየክልሉ ይለያያል። የዝንብ እጭ ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ። ኤንቫይሮመንት ኤጀንሲ የሚባለው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት የየክልሉን ደንብ ለብቻ ለብቻ አውጥቶታል። የራስህን ክልል አንብብ፣ የጓደኛህን አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተህ እንደምትሄድ ጽፈሃል። ዘንግህን ውሃ ውስጥ ትተህ መኪና ውስጥ እንዳትተኛ። በማንኛውም ሰዓት ዘንጉን ወዲያው መያዝ የምትችልበት ቦታ መሆን አለብህ። ሕግ ነው፣ ዓሣዋንም ከመሰቃየት ያድናታል።

ምንቸገረኝ፦

ለአንድ ዓሣ ይሄ ሁሉ ደንብ? በሴንቲ ሜትር እየለኩ፣ ቀን እየቆጠሩ። ሱፐርማርኬት ግባና ግዛ። ነፃ ውሃ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ!

ጣናዬ፦

ምንቸገረኝ ወንድሜ፣ እኔ ነፃውን ውሃ አይቼዋለሁ። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። አሁን ካርዲፍ ነኝ።

ክረምት ሲገባ የጣና ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዞቹ ይገባል፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ። እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ጠጠሩ ላይ ነው። የት እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚያልፍ አስጋሪው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መረቡን የሚዘረጋው ወንዙ አፍ ላይ ነው። አጎቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ በአንድ ሌሊት ጀልባው ሞልቶ ይመለሳል። እኛ ልጆቹ እየዘለልን እንቀበለው ነበር። እንቁላሉ ከሆዷ ሲወጣ በሳህን እንይዘዋለን። ዓመት ዓመት ዓሣው ሲያንስ ሁሉም ሰው ሌላውን ይወቅስ ነበር፣ አጎቴም ጭምር። ሕግ አልነበረም እንዳልል አለ፤ የፌዴራሉም የዓሣ ሀብት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ሰው ግን አላየሁም።

ጋሽ ቴምዝ የከፈሉትን 300 ፓውንድ አንብቤ ስቄያለሁ፣ ቅናትም ይዞኛል። ባርበል የሚሉትን ዓሣ መጀመሪያ ያየሁት ዋይ ወንዝ ላይ ነው። ነጭ ዓሣ መሰለኝ፣ ያው ከንፈሩ ላይ ያለው ጢም። ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። እዚህኛው ሦስት ወር ዕረፍት አለው።

ዌልስን ለምትጠይቁ፣ ላይሰንሱ ከእንግሊዙ ጋር አንድ ነው፣ ደንቡን የሚያወጣው ግን የዌልሱ መሥሪያ ቤት ነው። የወንዙም ዝግ ወቅት ያው ነው። ሳልመን ከ2020 ጀምሮ በሁሉም የዌልስ ወንዞች ተይዞ ይለቀቃል፣ አንድም ቤት አይገባም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከጁን 16 በፊት የተያዘ ሳልመን የግድ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደየወንዙ ነው።

አቶ ሐይቅ ዳር፣ ለልጅህ አንድ ነገር ልንገርህ። ዓሣ ከመንካቱ በፊት እጁን ውሃ ውስጥ ያርጥብ። ደረቅ እጅ ቅርፊቱ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍፈዋል። ያ ልጋግ ከበሽታ መከላከያው ነው። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ለቀቅኳት ብላችሁ ትዝናናላችሁ፣ እሷ ግን ከሳምንት በኋላ ትሞታለች።

የግላስጎው ጭጋግ፦

ጣናዬ፣ ሴት አጥማጅ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። አክብሮቴ ይድረስሽ።

ጣናዬ፦

ወንዙ ዳር ብዙ ነን፣ አንተ ወንበርህ ላይ ተኝተህ ነው ያላየኸን።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሪፖርት ላቅርብ፣ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

መጀመሪያ ቦዩን የያዘው ክለብ ጋ ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ አነሡ። የት እንደምኖር ጠየቁኝና የእኛ ሰፈር ክፍል ክፍት መሆኑን፣ ራቅ ብሎ ግን የተከለለ ቦታ እንዳለ ነገሩኝ። ከየትኛው ድልድይ እስከ የትኛው ድልድይ እንደምንቀመጥ ሳይቀር በኢሜይል ላኩልኝ። የቀን ቲኬት ለኔ ብቻ አስከፈሉኝ፣ ለልጁ ምንም። ዓሣ መውሰድ ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና «የለም የኔ ውድ» አሉኝ። ጋሽ ቴምዝ ያሉት ፊት በስልክም ይታያል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። ሁለት ሰዓት ምንም የለም። ልጁ ሰልችቶት ስልኩን ሊያወጣ ሲል ቡሹ ሰመጠ። ሮች ነበረች፣ 14 ሳንቲ ሜትር፤ ማስመሪያ ይዞ ስለነበር ለካት። እጁን አርጥቧል፣ እህት ጣናዬ። ሲለቃት እጁ ላይ ትንሽ ቆይታ ነው የሄደችው። እስክንገባ ድረስ ሌላ ወሬ አላወራም። እኔ እንኳ ስንት አምባዛ ይዤ እንደዚያ ያየሁ አይመስለኝም።

ጉላሹን ከገበያ በተገዛ ዓሣ በልተናል። የትራውቱን ኩሬ አፈላልጌ አግኝቻለሁ። ዝንብ አወራወር ለመማር ግን መጀመሪያ ጆሮዬን መሸፈኛ እገዛለሁ።

እኚያን ሽማግሌ ትናንት ጠዋት ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ላይ አገኘኋቸው። ቡና ልጋብዝዎት አልኳቸው፣ ሻይ ይሻለኛል አሉ። ውሻቸው ስሟ ፐርል ነው። ድሮ እሳቸውም ከዚሁ ወንዝ ባርበል ይዘው ያውቃሉ፣ የት ቦታ እንደሆነም በጣታቸው አሳዩኝ። «ለማንም አትንገር» ብለውኛል፣ ስለዚህ አልጽፈውም።

የሰኔ 9ን ሌሊት ፈረቃ እንዳያስገቡኝ አለቃዬን ከአሁኑ ጠይቄያለሁ።